ሦስት አድቫይዘር፣ ሦስት ዓይነት ኤፒኤ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የምርምር ዘዴ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ የኤፒኤን (የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የምንጭ አጠቃቀስ ሥርዓት) 7ኛ እትም አስተምሬ እለቃቸዋለሁ። ቲሲስ ላይ ሲደርሱ ግን አንዱ አድቫይዘር 6ኛው ይሁን ይላል፤ ሌላው የኢትዮጵያዊ ደራሲ ስም በአባቱ ስም ይጀምር ይላል፤ ሦስተኛው ይህንኑ እንደ ስህተት ቆጥሮ በቀይ ያሰምርበታል። ተማሪው ከዲፌንስ በኋላ ኮማና ነጥብ ሲለቅም ይከርማል። ምን ባደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ መምህር። አድቫይዘሮቹ የሚጨቃጨቁት ስለ አንድ ነገር አይደለም፤ መፍትሔ የሚጠፋውም ነገሩ እንደ አንድ ስለሚታይ ነው። «6ኛው ምን ይላል፣ 7ኛው ምን ይላል» የሚለው መልሱ የኤፒኤ መጽሐፍ (ማኑዋሉ) ውስጥ አለ። «የግራ ኅዳጉ ስንት ይሁን» የሚለው መልሱ ኮሌጁ ባወጣው የቲሲስ መመሪያ ውስጥ ነው። «አበበ ከበደ እንዴት ይጻፍ» የሚለው ግን በወጉ የተጻፈ መልስ የለውም። ማኑዋሉ የተዘጋጀው የቤተሰብ ስም ላላቸው፣ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ለሚያትሙ፣ በላቲን ፊደል ለሚጽፉ ሰዎች ነውና። የመጀመሪያውን ዓይነት ጥያቄ በድምፅ ብልጫ መወሰን ከንቱ ድካም ነው፤ ሦስተኛውን ደግሞ «ማኑዋሉ ይላል» ብሎ መዝጋት አይቻልም። ስለዚህ ከተማሪው በፊት ዲፓርትመንቱ አንድ ወረቀት ያስፈልገዋል። ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ካለፈ ማንም አያነበውም።

ወረቀቱ ውስጥ ምን እንደሚገባ ለማወቅ ስብሰባ አይጥሩ። ስብሰባ ላይ ሰው አቋሙን ይከላከላል፤ እርማት ላይ ግን የለመደውን ነው የሚያደርገው። ሁለት ገጽ የሚሆን የናሙና ጽሑፍ ያዘጋጁ፤ የማንም ተማሪ ሥራ አይሁን። ወደ 15 የሚሆኑ ሳይቴሽኖች ይኑሩበት፦ በዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ፣ የሦስት ደራሲያን የጆርናል ጽሑፍ፣ የስታቲስቲክስ ሪፖርት፣ አንድ አዋጅ፣ ያልታተመ ቲሲስ፣ ቀን የሌለው ድረ ገጽ፣ ከ40 ቃል በላይ የሆነ ቀጥተኛ ጥቅስ። ለእያንዳንዱ አድቫይዘር አንድ ኮፒ ሰጥተው «እንደ ተማሪ ሥራ ያርሙልኝ» ይበሉ። ሲመለስልዎ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግተው ሁሉም አንድ ዓይነት ያረሙትን ይተዉት። የተለያዩበትን ብቻ አውጥተው በሦስት ይክፈሉ፦ ማኑዋሉ የሚመልሰው፣ የኮሌጁ መመሪያ የሚመልሰው፣ ማንም የማይመልሰው። ለጉባኤ የሚቀርበው የመጨረሻው ክምር ብቻ ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከሰባት ከስምንት ነጥብ አይበልጥም።

የመጀመሪያውን ክምር ቶሎ እንለፈው። 6ኛው እትም የወጣው በ2009፣ 7ኛው በ2019 መገባደጃ ላይ ነው፤ ሁለቱም በፈረንጆች አቆጣጠር። ቲሲስ ላይ በዓይን የሚታየው ልዩነት ጥቂት ነው። ደራሲያኑ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ 7ኛው ከመጀመሪያው ሳይቴሽን ጀምሮ አንዱን ጠርቶ «እና ሌሎች» ይላል፤ 6ኛው ከሦስት እስከ አምስት ለሆኑት መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ያስዘረዝራል። በዋቢ ዝርዝሩ 6ኛው እስከ 7 ደራሲ፣ 7ኛው እስከ 20 ደራሲ በስም ይጠራል። የአሳታሚው ከተማ በ7ኛው ቀርቷል። ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ የኢንተርኔት መለያ) እንደ ሙሉ ሊንክ ይጻፋል፤ «ዲኦአይ» የሚል ምልክት ከፊቱ አይቀመጥም። «ሪትሪቭድ ፍሮም» («ከዚህ የተወሰደ») የሚለውም ቀርቷል፤ የሚቆየው ይዘቱ በየጊዜው ለሚለዋወጥ ገጽ ከተወሰደበት ቀን ጋር ብቻ ነው። ራኒንግ ሄድ (በየገጹ አናት የሚደጋገመው አጭር ርዕስ) ለተማሪ ጽሑፍ ግዴታ አይደለም። በቃ፤ ከባዱ ልዩነት ይኸው ነው። ተማሪው ዋቢዎቹን ዞቴሮ በተባለው የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራም ከያዘ ከ6ኛ ወደ 7ኛ መዞር የአንድ ጠቅታ ሥራ ስለሆነ፣ በዚህ ጉዳይ አንድን አንጋፋ መምህር ተከራክሮ ማሸነፍ የሚያስገኘው ነገር የለም። ወረቀቱ «7ኛ እትም» ይበል፤ 6ኛውን የሚወዱት መምህር ረቂቁን በ6ኛው ቢያነቡትም የመጨረሻው ቅጂ በ7ኛው ይወጣል።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ፦ የማይክሮሶፍት ወርድ የራሱ የሪፈረንስ መሣሪያ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያወጣው 6ኛውን እትም ነው። ተማሪው «7ኛውን ተጠቅሜያለሁ» ብሎ ሲምል ኮምፒውተሩ 6ኛውን ሲያወጣለት የከረመ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ክምር ላይ መመሪያው ከማኑዋሉ በላይ ነው፤ ማኑዋሉ ራሱ የዩኒቨርሲቲው መስፈርት ከተለየ እሱን ተከተሉ ይላል። ኤፒኤ በአራቱም በኩል 2.54 ሴንቲ ሜትር ኅዳግና ደብል ስፔስ ሲጠይቅ፣ የቲሲስ መመሪያዎች በግራ በኩል ለጥረዛ 3.8 ሴንቲ ሜትር ገደማና 1.5 የመስመር ርቀት ማለታቸው የተለመደ ነው። ምክንያታዊም ነው፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው ጥረዛ ከግራ በኩል የሚበላው አለ። የወረቀት መጠንም አይረሳ፤ ማኑዋሉ የአሜሪካውን ሌተር መጠን አስቦ የተጻፈ ሲሆን እኛ የምናትመው በኤ4 ነው። ወርድ ሌተር ላይ ተቀምጦ የተጻፈ ቲሲስ ኮፒ ቤት ሄዶ ወደ ኤ4 ሲቀየር ገጾቹ ይንሸራተታሉ፤ የማውጫው ቁጥርም ከጽሑፉ ገጾች ጋር ሳይገጥም ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው እሾህ፣ ወደ ስም። በእኛ አገር ቲሲሶች አንድ ሰው በሦስት መልክ ይገኛል፦ «ከበደ፣ አ.»፣ «አበበ፣ ከ.» እና «አበበ ከበደ»። አንዳንዴ ሦስቱም በአንድ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ አንባቢው ሦስት ሰው ይመስለዋል። «ከበደ፣ አ.» የሚለው የማኑዋሉን ቅርጽ ይጠብቃል፤ የሚጠራው ግን አባትየውን ነው። ደራሲዋ አልማዝ ከበደ ከሆነች ጽሑፉ ውስጥ «ከበደ (2013) እንደገለጸው» ተብሎ ይወጣና የሴትዮዋ ሥራ ለአባቷ ይሰጣል። ሌላ ችግርም አለ፤ «አ.» አበበም፣ አልማዝም፣ አስቴርም ሊሆን ይችላል። «አበበ፣ ከ.» የሚለው መጠሪያ ስሙን ቢያስቀድምም የአባትን ስም ወደ አንድ ፊደል ስለሚያሳጥር ከስንት አበበ አንዱን መለየት አይቻልም። በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ የቆየው ልማድ ሙሉ ስሙን ሳይገለብጡና ሳያሳጥሩ በመጠሪያ ስም ተራ ማስገባት ነው፤ ለእኔ ትክክለኛው እሱ ነው።

ችግሩ ውጭ አገር ጆርናል ላይ የታተመው ነው። ጆርናሉ ደራሲውን «ከበደ፣ አ.» ብሎ መዝግቦታል፤ አንባቢም በፍለጋ የሚያገኘው በዚያ ስም ነው። ተማሪው ደግሞ ማን ኢትዮጵያዊ፣ ማን ኤርትራዊ፣ ማን ውጭ ተወልዶ የቤተሰብ ስም የያዘ እንደሆነ እንዲያጣራ አይጠበቅበትም። ስለዚህ ለወረቀትዎ የምመክረው ሕግ ሜካኒካዊ ነው፦ ጽሑፉ ዲኦአይ ካለው የዲኦአዩን ምዝገባ ተከተል፤ ከሌለው የኢትዮጵያዊውን ሙሉ ስም በመጽሐፉ ሽፋን ላይ እንዳለ ጻፍ፣ ሳይቴሽኑም ሙሉ ስም ይሁን፦ (አበበ ከበደ፣ 2013 ዓ.ም.)። ዋጋ ያስከፍላል፤ አንድ ደራሲ በዝርዝሩ ሁለት ቦታ ሊገባ ይችላል። ግን ማንኛውም መምህር ተማሪው ሕጉን መከተል አለመከተሉን ያለ ክርክር ማረጋገጥ ይችላል፤ የምንፈልገውም ይህንን ነው። ጉባኤው ሌላ ከመረጠ ይምረጥ፤ ብቻ አንድ ይሁን፣ ይጻፍ።

ዞቴሮ ላይ አሠራሩ እንዲህ ነው። የደራሲው መስመር ላይ በነባሪነት ሁለት ሳጥን ይቀርባል፤ አንዱ ለቤተሰብ ስም፣ አንዱ ለመጠሪያ። ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ምልክት ሲጫኑ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ። እዚያ «አበበ ከበደ» ብለው ሲጽፉ ፕሮግራሙ አይገለብጠውም፣ ወደ አንድ ፊደልም አያሳጥረውም። መሥሪያ ቤቶችም በዚሁ በአንዱ ሳጥን ይገባሉ፤ አለዚያ «ኤጀንሲ፣ ማ. ስ.» የሚል አስቂኝ ነገር ይወጣል። ለተማሪ ከምታሳዩዋቸው ነገሮች ሁሉ ይህች ምልክት ብዙ ቀይ እስክሪብቶ ታድናለች።

ዓመተ ምሕረት ቀጥሎ ያለው ወጥመድ ነው። በ2013 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ቲሲስ ውስጥ እንዲሁ «2013» ተብሎ ከገባ አንባቢው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አሮጌ ያደርገዋል። «ይቀየር» የሚሉ መምህራን አሉ፤ ግን መጽሐፉ ላይ ወር ካልታተመ መቀየር ግምት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው፤ ስለዚህ 2013 ዓ.ም. 2020ም 2021ም ሊሆን ይችላል። የታተመውን ዓመት እንዳለ ትቶ «ዓ.ም.» ማስከተል፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ደግሞ የተለመደውን «ኢ.ሲ.» መለጠፍ ይሻላል። ዞቴሮ የቀን ሳጥን ውስጥ የገባውን ይህን ምልክት ጥሎ ቁጥሩን ብቻ ሊያወጣ ስለሚችል የመጨረሻው ቅጂ ላይ በእጅ ይታይ።

አዋጅ ላይ ይኸው ችግር በግልጽ ይታያል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ በአማርኛው 1152/2011፣ በእንግሊዝኛው 1152/2019 ነው፤ ሰነዱ አንድ፣ ገጹም አንድ። ተማሪው አማርኛውን አንብቦ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ቁጥሩን እንዳለ ይገለብጥና «ሁለት አዋጅ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ዲፌንስ ላይ ይመጣበታል። ወረቀትዎ እንዲህ ይበል፦ በጽሑፉ ቋንቋ ያለው ዓመት ይወሰድ፤ በዝርዝሩ የአዋጁ ስም፣ ቁጥርና ዓመት፣ ቀጥሎ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ፤ በጽሑፉ ውስጥ አንቀጹ ይጠቀስ። ማኑዋሉ ለሕግ ሰነዶች የሚሰጠው ቅርጽ ከአሜሪካ የሕግ አጠቃቀስ የተወሰደ ስለሆነ ከእሱ ለነጋሪት ጋዜጣ መልስ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ሐዋሳ ላይ የሚሠራ ተማሪ የሚገጥመው ሌላም ነገር አለ፤ ስማቸው የተቀየረ ተቋማትና ቦታዎች። ከ2012 ዓ.ም. በፊት የወጣ የክልል ቢሮ ሪፖርት ሽፋኑ ላይ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል የሚል ነው። ሐዋሳ ዛሬ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናትና ተማሪው «ላስተካክለው» ብሎ የሲዳማ ክልል ቢሮ ያደርገዋል፤ አሳታሚው ግን በዚያ ጊዜ የነበረው ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ በነበረበት ጊዜ የቀረበ ቲሲስ በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀሳል። ርዕሱ «አዋሳ» ካለ «አዋሳ» ይቆያል። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ሪፖርቶችም አሁን መሥሪያ ቤቱ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ስለተባለ ደራሲያቸው አይቀየርም። ሕጉ አንድ ነው፦ ሽፋኑ ላይ ያለው። በራሱ በጽሑፉ ሰውነት ውስጥ ግን ተማሪው የዛሬውን ስም ይጠቀም።

ቲሲሱ በአማርኛ ከሆነ ተጨማሪ ሦስት ነገር መወሰን አለባችሁ። አንደኛ፣ የአማርኛ ዋቢዎች በሀ ሁ ተራ መጀመሪያ፣ በላቲን ፊደል የተጻፉት (የሲዳምኛና የኦሮምኛ መጻሕፍትን ጨምሮ) በኤ ቢ ሲ ተራ ቀጥለው ይቀመጡ ወይስ ይቀላቀሉ? መለየት ይሻላል። የወርድ መደርደሪያ የአማርኛውን በፊደል ገበታው ቅደም ተከተል ይደረድራል፤ ስለዚህ ሀይሉ፣ ሐይሉ እና ኃይሉ በሦስት የተራራቀ ቦታ ይወድቃሉ። «ላስተካክል» ብሎ የደራሲን ስም ፊደል መለወጥ ግን አይፈቀድ፤ ደራሲው ስሙን በ«ኃ» ካተመ በ«ኃ» ይኑር። ሁለተኛ፣ የርዕስ ምልክት። ኤፒኤ የመጽሐፍን ርዕስ በኢታሊክ ያጋድማል፤ የግዕዝ ፊደል ፎንቶች ግን በአብዛኛው እውነተኛ ኢታሊክ የላቸውም፣ ወርድ በግድ ሲያጋድማቸው ፊደሉ ይጣመማል። ደማቅ ወይም የተሰመረበት አንዱን መርጣችሁ ጻፉ። እኔ ደማቁን እመርጣለሁ፤ መስመሩ የ«ቷ»ን የ«ሟ»ን እግር ይበላልና። ሦስተኛ፣ ነጥቦቹ። በቅንፍ ውስጥ «፣» እንጂ የላቲን ኮማ አይግባ፤ የ«እና» ምትክ የሆነውም የእንግሊዝኛ ምልክት አይምጣ።

ቲሲሱ በእንግሊዝኛ ሆኖ የአማርኛ መጽሐፍ ከተጠቀሰ ማኑዋሉ ርዕሱን በላቲን ፊደል ገልብጦ በማዕዘን ቅንፍ ትርጉሙን ማስከተል ይላል። «ጸ» በላቲን በምን ይጻፍ የሚለው ጭቅጭቅ ሌላ ሰዓት ይበላል፤ መጽሐፉ ጀርባ ላይ ወይም በውስጥ ሽፋኑ የላቲን አጻጻፍ ካለ እሱ ይወሰድ፣ ከሌለ ተማሪው የመረጠው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን። ከዚያ በላይ አትግቡበት።

ይህን ሁሉ ይዘው አሁን ጉባኤ ይጥሩ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት አማራጭ ብቻ፣ ከምሳሌ ጋር፣ በአንድ ገጽ አቅርቡ፤ አንድ ሰዓት ይበቃል። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ቀንና የዲፓርትመንቱ ማኅተም ይኑረው። ማኅተም የሌለው ወረቀት እኛ ዘንድ ወረቀት አይደለም። ሁለት አንቀጽ አይቅሩበት። አንዱ፦ ተማሪ የሚዳኘው ፕሮፖዛሉ በጸደቀበት ቀን በነበረው ወረቀት ነው፤ በመሃል ቢቀየር እሱን አይመለከተውም። ሁለተኛው፦ ወረቀቱ ዝም ባለበት ነገር የአድቫይዘሩ ቃል የመጨረሻ ነው፤ ኤግዛሚነር ሐሳብ ሊሰጥ ይችላል፣ የማለፊያ ቅድመ ሁኔታ ግን ሊያደርገው አይችልም።

በዕድሜም በማዕረግም ከእርስዎ በላይ ያሉ ፕሮፌሰር ቢኖሩ ጉባኤው ላይ አያርሟቸው። ናሙናውን ሲሰበስቡ ቢሯቸው ገብተው «ፕሮፌሰር፣ እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት እርማት ገጥሞኛል፣ የእርስዎ ምክንያት ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቋቸው። ብዙ ጊዜ ምክንያት አለ፤ እሳቸው የሚጽፉበት ጆርናል የሚጠይቀው እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን በአማራጭነት ከነስማቸው ካቀረቡት ጉባኤው ሌላውን ቢመርጥም ቅር አይላቸውም። ፈጽሞ የማይደረገው ተማሪን መልእክተኛ ማድረግ ነው፤ «መምህር እገሌ ስህተት ነው ብለዋል» የሚል ተማሪ ከሁለቱም ይቀጣል። ተማሪው የሚለው ዓረፍተ ነገር ተዘጋጅቶ ይሰጠው፦ «ዶክተር፣ የዲፓርትመንቱ ወረቀት ቁጥር 4 እንዲህ ይላል፤ በእሱ ልቀጥል ወይስ የተለየ ምክንያት አለ? ካለ እዚህ ኅዳግ ላይ ይጻፉልኝ።» የተጻፈ አስተያየት ተማሪውን ከኤግዛሚነር ፊት ያድነዋል፤ በቃል የተባለ ግን በቃል ይጠፋል።

ለውጭ ኤግዛሚነር ወረቀቱ ከቲሲሱ ጋር ታስሮ አብሮ ይላክ። ዲፌንስ ላይ ሰብሳቢው መጀመሪያ «የፎርማት አስተያየት በጽሑፍ ይሰጠን» ብሎ ቢያስታውስ ሃያ ደቂቃው በኮማ አያልቅም። ኤግዛሚነሩ ከሌላ ዘርፍ ከመጡ ደግሞ ሌላ የአጠቃቀስ ሥርዓት ይጠብቁ ይሆናል፤ ኢንጂነሪንጉ አይትሪፕልኢ፣ ጤናው ቫንኩቨር ነው፣ ሁለቱም በቁጥር የሚጠቅሱ። ወረቀቱ እጃቸው ላይ ከደረሰ ይህም አይነሳም።

ስለ ማስተማሩ። ሰማንያ ስላይድ ይዞ ሕግ በሕግ መሄድ አይሠራም፤ ተማሪው ቅርጹን ይሸመድድና ያላየው ዓይነት ሰነድ ሲመጣ ይወድቃል። የ7ኛው እትም ጥሩ ነገር ሁሉንም ሪፈረንስ በአራት ጥያቄ መክፈሉ ነው፦ ማን፣ መቼ፣ ምን፣ የት። ከዚህ ይጀምሩ። ስድስት ሰነድ ኮፒ አድርገው (ሽፋንና የውስጥ ሽፋን ብቻ) ለአራት አራት ተማሪ ይስጡ፦ የአማርኛ መጽሐፍ፣ የነጋሪት ጋዜጣ የመጀመሪያ ገጽ፣ ዲኦአይ ያለው ጽሑፍ፣ የስታቲስቲክስ ሪፖርት፣ ቲሲስ፣ ቀን የሌለው ድረ ገጽ። በ25 ደቂቃ አራቱን መልስ ከእያንዳንዱ ላይ ያሰምሩ። ኮማና ነጥብ አይጠይቋቸው። የት እንደሚሳሳቱ ከወዲሁ ልንገርዎ፦ ሪፖርቱ ላይ አታሚውን ደራሲ ያደርጉታል፣ መጽሐፉ ላይ የሁለተኛውን እትም ቀን ትተው የመጀመሪያውን ይወስዳሉ፣ ድረ ገጹ ላይ ራሳቸው የከፈቱበትን ቀን የታተመበት ቀን ያደርጉታል። እነዚህ ከተስተካከሉ የነጥቡ ነገር በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ቀላል ነው።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ይሁን፤ ተማሪዎች የሚወድቁት ባብዛኛው በሕጉ ሳይሆን በወርድ ነው። የዋቢ ዝርዝር ሁለተኛ መስመር 1.27 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ተማሪው መስመሩ መጨረሻ ላይ ኢንተር መትቶ በታብ ይገፋዋል፤ አድቫይዘሩ አንድ ቃል ሲያስጨምረው ሙሉ ገጹ ይተረማመሳል። አንቀጾቹን መርጦ ኮንትሮልና ቲ መጫን በቂ ነው። ርዕሶች በእጅ ሳይደምቁ በሄዲንግ ስታይል ይሠሩ፤ ማውጫው ከእነሱ በራሱ ይወጣል። የፊት ገጾች በሮማን፣ ምዕራፍ አንድ ከ1 እንዲጀምር በመካከሉ የኔክስት ፔጅ ሴክሽን ብሬክ ገብቶ «ሊንክ ቱ ፕሪቪየስ» መጥፋት አለበት፤ ይህን የማያጠፋ ተማሪ ቁጥሩን አንድ ቦታ ሲያስተካክል ሌላው ጋ ይበላሽበታል። አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ አንቀጽ ሲቀላቀሉ ታይምስ ኒው ሮማን የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ወርድ ሌላ ፎንት ይተካል፣ የመስመሩም ርቀት ከፍ ዝቅ ይላል። የመስመር ርቀቱን «ኤግዛክትሊ» አድርጎ ለ12 ነጥብ ፊደል በደብል ስፔስ 24 ነጥብ መስጠት ያስተካክለዋል።

ጉግል ስኮላር ላይ «ሳይት» የሚለውን ተጭኖ የተገኘውን ገልብጦ መለጠፍ በጣም የተለመደ ነው። ዲኦአዩን አይሰጥም፣ የኢትዮጵያዊንም ስም ገልብጦ ነው የሚያወጣው። ከዚህ የባሰው ተማሪ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት «ዋቢ አምጣልኝ» ሲል የሚመጣው ነው፤ ቅርጹ ፍጹም ኤፒኤ ሆኖ ጽሑፉ ዓለም ላይ የሌለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከማስረከቡ በፊት ተማሪው የእያንዳንዱን ዲኦአይ ሊንክ ከፍቶ የሚወጣው ርዕስ የጻፈው መሆኑን ያረጋግጥ። ቀጥሎ ዝርዝሩን አትሞ በእርሳስ፣ ጽሑፉ ውስጥ የመክፈቻ ቅንፍን በፍለጋ አንድ በአንድ እየተከተለ፣ የተገኘውን ዋቢ ምልክት ያድርግበት። ምልክት ያላገኘ ዋቢ ይወጣል፤ ዋቢ ያላገኘ ቅንፍ ይሞላል። ለ60 ዋቢ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም።

ኮፒ ቤቶቹን አይርሷቸው። ከካምፓስ በር ፊት ለፊት ቲሲስ የሚተይቡት ልጆች ፍላሻቸው ላይ ከዓመታት በፊት ያለፈ የሆነ ተማሪ ቴምፕሌት አላቸው፤ የተማሪው ሥራ የሚፈሰው እዚያ ውስጥ ነው። ሁለት ገጹንና የተስተካከለ የወርድ ቴምፕሌት በፍላሽ ወስዶ መስጠት ከአንድ ሴሚስተር ትምህርት የበለጠ ይሠራል።

ማርክ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት ይለዩ። አንባቢ ምንጩን እንዳያገኝ የሚያደርግ (የጠፋ ዋቢ፣ የተሳሳተ ዓመት፣ ገጽ የሌለው ቀጥተኛ ጥቅስ) በእያንዳንዱ ይቀነስበት። የመልክ ስህተት (ኮማ፣ ኢታሊክ፣ ርቀት) ስንት ጊዜ ቢደገም አንድ ጊዜ ብቻ ይቀነስ። ከ20 የሚታረም አሳይንመንት ላይ ለፎርማት 3 በቂ ነው። ምንጭ ሳይጠቅስ የገለበጠውን ግን በዚህ 3 ውስጥ አይጨምሩት፤ ያ የፎርማት ጉዳይ አይደለም፣ መንገዱም ሌላ ነው።

ዘንድሮ ፕሮፖዛላቸው ያለፈና አሁን ሁለት አድቫይዘር መሃል የተያዙ ተማሪዎች ካሉ ወረቀቱ እስኪጸድቅ አያቆዩዋቸው። ዋና አድቫይዘራቸው ያለው ይጻፍ፣ በመግቢያው ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «የኢትዮጵያውያን ደራሲያን ስም በዚህ ጥናት ውስጥ እንዲህ ባለ መልክ ተጽፏል፣ ዓመታቱም እንዲህ ተጠቁመዋል።» ኤግዛሚነር ይህን መስመር ሲያገኝ የሚያየው ያልተጠነቀቀ ተማሪ ሳይሆን የመረጠ ተማሪ ነው፤ ዋቢዎቹ ደግሞ ዞቴሮ ውስጥ እስካሉ ድረስ ከዲፌንስ በኋላ ሌላ ቢባልም ማስተካከያው በግማሽ ቀን ያልቃል።